በሌላ ሰው ሆድ ማመን ይቻላልን?

ጥያቄውን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። አንድ ሰው “እግዚአብሔር ያዘጋጃል” ብሎ ስንቅ ሳይቋጥር መንገድ ቢወጣ ልናደንቀው ወይም ልንመክረው እንችላለን፤ ያም ሆነ ይህ የሚራበው እርሱ ራሱ ነው። ሌላውን ሰው ያለ ስንቅ ልኮ “እግዚአብሔር ያዘጋጃል” የሚለውስ? ሁለቱም የተናገሩት ቃል አንድ ነው። እምነታቸውስ አንድ ነው?

በእኛ መካከል ይህ ጥያቄ ቶሎ ይለዝባል። ስለ ወንጌል መልእክተኞች ስናወራ ሁላችንም ቅን ነን፣ ሁላችንም እንጸልያለን፣ ማንም ማንንም ማስቀየም አይፈልግም። ስለዚህ ጥያቄው ወደማይለዝብበት ቦታ ልውሰዳችሁ፤ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ወደ ኒው ጊኒና ወደ በርማ ጥቅጥቅ ደን። ጦርነትን ላስወድዳችሁ አይደለም፤ አገራችን ጦርነት ምን እንደ ሆነ ከማንም መማር አያስፈልጋትም። ነገር ግን በጫካ ጦርነት ውስጥ የላኪው ስሕተት በተላኪው ሆድ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይነበባል። መሸፋፈን አይቻልም።

በእንዲህ ያለ ደን ውስጥ መኪና የሚያልፍበት መንገድ የለም። እግረኛ ወታደር የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና የሚተኩሰውን ሁሉ በጀርባው ይሸከማል፤ ጀርባ ደግሞ ልክ አለው። ጥይት ሲጨመር ሩዝ ይቀነሳል፤ ሩዝ ሲጨመር ጥይት ይቀነሳል። ዝናብ ሌት ተቀን እየወረደበት እንኳ ንጹሕ የሚጠጣ ውሃ ሊያጣ ይችላል፤ ያገኘውን ከጠጣ ተቅማጥ ይጥለዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ተዋጊ በስተኋላ የሚሸከምለት ሰው መኖር አለበት። ያ የሚሸከመው ሰውም ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ1942 አውስትራሊያውያን ኒው ጊኒ ውስጥ ከጃፓን ጦር ጋር ሲዋጉ የነበራቸው መንገድ ኮኮዳ የሚባለው፣ 96 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ተራራ ወጥቶ ተራራ የሚወርድ የእግር መንገድ ብቻ ነበር። የተሸካሚዎቹን ሥራ የመራው በርት ኪንዝሌ ቁጭ ብሎ ሒሳቡን ሠራ። አንድ ተሸካሚ ምግብ ብቻ ቢሸከምና ከዚያው እየበላ ቢሄድ፣ ሸክሙን በ13 ቀን ራሱ ይጨርሰዋል። አንድ ወታደርም ከዚያው ሸክም ከበላ፣ ለሁለቱ የሚበቃው ለ6 ቀን ተኩል ነው። ወደ ግንባሩ የሚወስደው ጉዞ ግን ከሳምንት በላይ ይፈጃል። ተሸካሚው የሚመለስበትን ስንቅ ገና አልቆጠርንም። ጥይቱን፣ ብርድ ልብሱንና መድኃኒቱን ገና አልቆጠርንም።

እስቲ ይህን ሒሳብ ደግማችሁ አንብቡት። ምንም ያህል ጀግና ቢኖር፣ ምንም ያህል ተሸካሚ ቢበረታ፣ አይሞላም። ኪንዝሌ ግን ሒሳቡን ሠርቶ አልተቀመጠም። ተራራው ላይ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ፍለጋ ወጣና ማዮላ የተባለ የደረቀ የሐይቅ ወለል አገኘ፤ አውሮፕላኖችም ምግቡን እዚያ ይጥሉ ጀመር። ፓራሹት እምብዛም ስላልነበረ ምግቡ በጆንያ ላይ ጆንያ ተደርጎ ይወረወር ነበር። ብዙው ተበተነ፣ ብዙው ጫካ ገብቶ ጠፋ። የተረፈው ግን ሰው አበላ።

ስለ ተሸካሚዎቹ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአገሩ ተወላጆች፣ ፓፑዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከየመንደራቸው በግዳጅ የተወሰዱ ናቸው። ሽቅብ ሲሄዱ ምግብና ጥይት፣ ቁልቁል ሲመለሱ ቁስለኛ ተሸክመዋል። አውስትራሊያውያኑ ርኅራኄያቸውን አይተው “መላእክት” አሏቸው። ስሙ ከልብ የመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ሰውን መልአክ ብሎ መጥራት ደመወዝ ከመክፈል ይረክሳል። መልአክ አይርበውም፣ መልአክ ሚስትና ልጅ በመንደር አልተወም። እኛም ለአገልጋዮቻችን የምናወጣላቸውን የክብር ስሞች አንዳንድ ጊዜ ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944 ሙታጉቺ ሬንያ የተባለ የጃፓን ጄኔራል ከበርማ ተነሥቶ ሕንድ ውስጥ ያሉትን ኢምፋልንና ኮሂማን ለመያዝ ሦስት ክፍለ ጦሮች አዘመተ። በመካከል ያለው ደን የለበሰ የተራራ ሰንሰለትና ቺንድዊን የተባለ ትልቅ ወንዝ ነው። ወታደሮቹ የያዙት የሦስት ሳምንት ያህል ስንቅ ነበር። ከዚያ በኋላስ? ከእንግሊዞች መጋዘን ማርከው ሊበሉ ነው። በተጨማሪም በሬዎች ይነዱ ነበር፤ በሬው ዕቃ ይሸከማል፣ ሲደክም ይታረዳል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ብልሃት ይመስላል። በሬዎቹ ግን ብዙዎቹ ገና ወንዙን ሲሻገሩ ሰጠሙ፤ የቀሩትም በገደሉ ላይ አለቁ።

ይህን አስቀድሞ የተናገረ ሰው አልነበረምን? ነበረ። የሙታጉቺ የኤታ ማዦር ሹም የነበረው ኦባታ የስንቅና ትጥቅ ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ በዚያ ምድር ላይ ይህን ያህል ጦር መቀለብ አይቻልም አለ። ከሥልጣኑ ተነሣ። በዚያ ጦር ውስጥ የወታደሩ መንፈስ ከበረታ የቁሳቁስ ጉድለት ይሸፈናል የሚል ትምህርት ሥር ሰድዶ ነበርና፣ “ሩዙ ከየት ይመጣል?” ብሎ መጠየቅ ፈሪነት ይመስል ነበር። ወጣቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቆጥሮ የተናገረው ሰው መንፈሱ ደካማ ተባለ፤ ያልቆጠረው ሰው መንፈሰ ብርቱ ተባለ። የብርታቱን ዋጋ የከፈለው ግን ሙታጉቺ አልነበረም። ጦሩ ሲዘምት የእርሱ ዋና መምሪያ ከግንባሩ ርቆ፣ ሜይምዮ በምትባል ነፋሻማ የደጋ ከተማ ነበር።

ሦስቱ ሳምንታት አለቁ። መጋዘኑ አልተማረከም። የክረምቱ ዝናብ ጀመረ። የ31ኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሳቶ ኮቶኩ ከኮሂማ ሆኖ ስንቅና ጥይት ላኩልኝ እያለ ደጋግሞ ለመነ፤ የሚረባ ነገር አልመጣለትም። በግንቦት መጨረሻ ትእዛዝ ጥሶ የተረፉትን ወታደሮቹን ይዞ አፈገፈገ። ከአዛዥነቱ ተነሣ፤ በኋላም አእምሮው ታውኳል ተባለ። ሙታጉቺ ሦስቱንም የክፍለ ጦር አዛዦች ሻረ፤ ዘመቻውን ግን እስከ ሐምሌ አላቆመም። ከዘመተው 85,000 ያህል ሰው ከ50,000 በላይ የሚሆነው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ታመመ። ከሞቱት መካከል ብዙዎቹን የገደላቸው የጠላት ጥይት አይደለም። ረሃብ፣ ወባና ተቅማጥ ነው።

ሳቶ ትእዛዝ ጥሷል። የወታደር ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። እኔ ግን በዚያ ዘመቻ ውስጥ ለተላኪው ሰው የተላከበትን ቃል ኪዳን የጠበቀለት አዛዥ ማን ነው ብትሉኝ የምጠራው እርሱን ነው።

በሌላው በኩል ዊልያም ስሊም የተባለ የእንግሊዝ ጄኔራል ነበር። የእርሱ ጦርም ኢምፋል ላይ ተከብቦ፣ መንገዱ ተቆርጦበት ነበር። ነገር ግን በከበባው ወራት በአውሮፕላን 19,000 ቶን ያህል ስንቅና ትጥቅ ገባለት፤ 13,000 ያህል ሕሙማንና ቁስለኞች በዚያው አውሮፕላን ወጡ። ፓራሹት ሲያጥር ስሊምና ባልደረቦቹ ከሕንድ የጆንያ ፋብሪካዎች ጋር ተነጋግረው የጆንያ ፓራሹት አሠሩ። ከሐሩ በጣም የሚረክስ፣ ለሰው ባይሆንም ለዕቃ የሚበቃ ነበር። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ግንባር ያለው ክፍል ቀለቡ ወደ ግማሽ ሲቀነስበት፣ ስሊም የራሱንም ዋና መምሪያ ቀለብ ወደ ግማሽ ያወርድ ነበር። ከበስተኋላ፣ ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠው መኮንን ሁሉ ሆዱ ይጮኻል። እንግዲህ የዚያ ሰው እርሳስ እንዴት እንደሚፈጥን አስቡት! “ለጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም” ይሉ የለ አባቶቻችን? ስሊም መድኃኒቱን አግኝቶት ነበር፤ ላኪው እንዳይጠግብ ማድረግ።

ኮሂማ ላይ ደግሞ ወደ 2,500 የሚጠጉ ሰዎች በአንድ ኮረብታ ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ ተከብበዋል፤ ብዙዎቹ ተዋጊ እንኳ አልነበሩም። የውሃ ማጠራቀሚያውን ጃፓኖች ያዙት። ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው ውሃ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም ነበር። በአውሮፕላን የሚጣለው ነገር ሁሉ ደግሞ ለታሰበለት አይደርስም፤ ኮረብታው ጠባብ ነውና። አንድ ጊዜ የወረደው የሞርታር ቅንቡላ በጃፓኖች እጅ ገብቶ መልሶ በተከበቡት ላይ ተተኩሷል። በዙሪያው ያሉት የናጋ ሕዝቦች በጥይት መካከል ቁስለኛ ተሸክመው አውጥተዋል። ብዙዎቹ የባፕቲስት ሚሲዮናውያን ባመጡላቸው ወንጌል ያመኑ ነበሩ።

ከእናንተ አንዱ “ታዲያ ጥይት ማቅረብ ምን ምስጋና አለው?” ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ውሃውና ጥይቱ የሚመጡት በአንድ አውሮፕላን ነው፤ የጫነው ሰው አንዱን ብቻ ጭኛለሁ ሊል አይችልም። ዳዊት ከጺቅላግ ዘመቻ ሲመለስ ዕቃ የጠበቀውና የተዋጋው እኩል ይካፈሉ ብሎ ሥርዓት አደረገ (1ኛ ሳሙኤል 30፥24)። ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል ከኋላ የሚያገለግሉትን ለማጽናናት እንሰብከዋለን። ነገር ግን እኩል መካፈል ካለ ደሙም እኩል ነው፤ ከኋላ ያለ ሰው “እኔ አልተኮስኩም” ብሎ አያመልጥም። ላኪ በተላኪው ሥራ ውስጥ አለበት፤ በመልካሙም በክፉውም።

እስካሁን ያየነው ቀላል ነው ትሉኝ ይሆናል። ሙታጉቺ ኩሩ ነበር፣ እኛ ግን እግዚአብሔርን የምናምን ሰዎች ነን። እሺ፤ እንግዲያው ስለሚያምን ሰው እንነጋገር። ስሙን በአዲስ አበባ በትምህርት ቤት ስም ታውቁታላችሁ፤ ኦርድ ዊንጌት። ፕሊማውዝ ብሬዝረን በሚባል ወንጌላዊ ማኅበር ውስጥ ባደጉ አጥባቂ ወላጆች እጅ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እየተነበበለት አደገ። እ.ኤ.አ. በ1941 ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር በጎጃም በኩል የገባውን ትንሽ ጦር የመራው እርሱ ነው፤ ስሙንም “የጌዴዎን ጦር” ብሎ ሰየመው። ያኔ ስንቅ ይሸከሙ የነበሩት ከሱዳን የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች ነበሩ። የቆላው ግመል የደጋውን ዳገትና ብርድ አልቻለም፤ አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዊንጌት በርማ ነበር። በየካቲት 1943 3,000 ያህል ሰዎችና ብዙ በቅሎዎች ይዞ ከጃፓን ጦር በስተጀርባ ጫካ ገባ። መንገድ የለም፣ ደጀን የለም፤ ስንቁ የሚወርደው ከአውሮፕላን ነው፣ አውሮፕላኑን የሚጠራው በበቅሎ የተጫነ ሬዲዮ ነው። እያንዳንዱ ሰው ከ30 ኪሎ በላይ ይሸከማል። ኢራዋዲ የተባለውን ታላቅ ወንዝ ተሻግሮ ሲርቅ ግን አውሮፕላኑ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ አልነበረም። ረሃብ ገባ። በቅሎዎቹን እያረዱ በሉ። በመጨረሻ በትንንሽ ቡድን ተበታትነው በየአቅጣጫው ወደ ሕንድ ማምለጥ ጀመሩ። መራመድ ያቃተው ቁስለኛ በየመንደሩና በየጫካው እየተተወ ቀረ። የተመለሱት 2,200 አይሞሉም፤ ከእነርሱም 600 ያህሉ ዳግም ለጦር ሜዳ የሚበቁ አልነበሩም።

ዊንጌት እንደ ሙታጉቺ ደጋ ላይ አልተቀመጠም። አብሯቸው ገባ፣ አብሯቸው ተራበ፣ ወንዝ ዋኝቶ አብሯቸው ወጣ። ስለዚህ ይሉኝታ ይዞን ልናልፈው እንፈልጋለን። እኔ ግን አብሮ መራቡ ሐቀኛ ያደርገዋል እንጂ ትክክል አያደርገውም እላለሁ። ከዛፍ ሥር የተተወው ቁስለኛ ውሃ ጠማው፤ የአዛዡ ውሃ ጥም የእርሱን አያረካለትም። በሚቀጥለው ዓመት ዊንጌት ሲመለስ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። በጫካው መካከል ምሽግ ይሠራል፣ ከምሽጉ አጠገብ የአውሮፕላን ማረፊያ ይጠረጋል፣ ቁስለኛው በትንንሽ አውሮፕላን ይወጣል። እኔ ይህን ንስሐ ብዬ ብጠራው አላፍርም። እርሱ ራሱ ብዙ አላየውም፤ መጋቢት 24 ቀን 1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሰዎቹም ለጥቂት ቀናት ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ የታሸገ ምግብ ለወራት እየበሉ ከታሰበላቸው ጊዜ በላይ እዚያው ቆዩ።

አሁን ሁላችሁም በልባችሁ የያዛችሁትን ተቃውሞ ላንሳ። ጌታ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ያለ ከረጢትና ያለ ገንዘብ ልኳቸው የለም ወይ? ልኳቸዋል (ሉቃስ 10)። ነገር ግን ክፍሉን እስከ መጨረሻው አንብቡት። በዚያው ንግግሩ ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ተናግሯል፤ የሚገቡበት ቤት እንዲያበላቸው ማለት ነው። ስንቁ አልቀረም፣ የሚሸከመው ሰው ተለወጠ እንጂ። ደግሞም በመጨረሻዋ ሌሊት መልሶ ጠየቃቸው፤ ያን ጊዜ የጎደለባችሁ ነገር ነበርን? ምንም አሉት (ሉቃስ 22፥35)። ይህን ጥያቄ ልብ በሉ። የላከው ጌታ ተላኪዎቹን ምን እንደጎደለባቸው ይጠይቃል። ወዲያውም ዘመኑ ስለተለወጠ አሁን ከረጢት ያለው ይያዝ አላቸው። እንግዲህ ያለ ከረጢት የላከው ድንጋዩን እንጀራ ማድረግ የሚችል ጌታ ነው፤ እርሱ እንኳ ቆጥሯል። እኛ ሳንቆጥር የምንልክ በምን ሥልጣን ነው?

ከዚህም ሌላ፣ ሰይጣን በመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክት ይደግፉሃል ባለው ጊዜ ጌታ እምቢ አለ። ጌታ ራሱን እንኳ አልወረወረም። ሌላውን ሰው ከዚያ ጫፍ ገፍትሮ “መላእክት ይደግፉታል” የሚለውን ምን ብለን እንጠራዋለን? በራስህ ሆድ ማመን እምነት ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ሰው ሆድ ማመን ግን በሰው ገንዘብ ቁማር እንደ መጫወት ነው። ገንዘቡ ያንተ ስላልሆነ ድፍረትህ አይቆጠርልህም።

ይህ ሁሉ ለእናንተ ምን ይላል? በዚህ ክረምት ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ ለአገልግሎት ወደ ገጠር ትላካላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ላኪ ኮሚቴ ውስጥ ትቀመጣላችሁ። ላኪ ለምትሆኑት ነው ይበልጥ የምጽፈው። ወንጌላዊ ተጸልዮለት፣ እጅ ተጭኖበት፣ መዝሙር ተዘምሮለት ይወጣል፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ስልክ ሲደውል የሚያነሣለት ያጣል። በዚያው ወር ግን አጥቢያው አዲስ ኪቦርድ ገዝቷል። ኪቦርድ መግዛት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ስሊም ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የእኛን ምሳ ግማሽ ያደርገው ነበር። በስብሰባ ላይም አንዲት እኅት ተነሥታ “የቤት ኪራዩ ስንት ነው? ልጆቹ የት ይማራሉ? ቢታመም በምን ይመለሳል?” ብትል፣ “እኅቴ፣ በእምነት እንመልከተው” ተብላ እንዳትቀመጥ። ኦባታን ያስቀመጡት እንደዚሁ ብለው ነው። ለዚያች እኅት እስክሪብቶውንና መዝገቡን ስጧት፤ በኮሚቴው ውስጥ ከማንም ይልቅ የምታስፈልገው እርስዋ ናት።

ተላኪ የምትሆኑትም “ይህን ያህል ያስፈልገኛል” ማለት አያሳፍራችሁ። ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ በርኖሱንና መጻሕፍቱን እንዲያመጡለት ጽፏል። ዳዊትም ጎልያድ ወዳለበት ጦር ሜዳ የደረሰው ሊዋጋ መጥቶ አልነበረም፤ አባቱ ለወንድሞቹ ጥብስ እህልና አሥር እንጀራ፣ ለሻለቃውም አይብ ልኮት ነው። ደግሞም ከወንድሞቹ ደኅንነት ማረጋገጫ ይዞ እንዲመለስ አዝዞታል። እሴይ ስንቁን መላክ ብቻ ሳይሆን መድረሱን ማወቅ ፈለገ።

ዊንጌት ለጦሩ የመረጠው የጌዴዎን ስም ወደ አንድ ቦታ ይመልሰኛል። ሦስት መቶዎቹን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስንት ጊዜ ሰብከናቸዋል! ቀንደ መለከቱን፣ ማሰሮውን፣ ችቦውን እናውቃለን። ስንቅም በእጃቸው ይዘው እንደ ነበር ግን ስንቶቻችን አስተውለናል (መሳፍንት 7፥8)? ያም ስንቅ አለቀ። ሦስት መቶዎቹ ደክመው እያሳደዱ ዮርዳኖስን ተሻገሩና ከሱኮት ሰዎች እንጀራ ለመኑ። የሱኮት አለቆች ያነሡትን ነገር ከመሳፍንት 8 አንብቡት። እንጀራ የለንም አላሉም። ዛብሄልንና ስልማናን ገና ሳትይዝ ለምን እንመግብሃለን ነው ያሉት። ውጤቱን አሳየንና ከዚያ እናበላሃለን ማለታቸው ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ የወንጌላዊው ወርኃዊ ሪፖርት ሲነበብ አድምጡ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ሰው አመነ የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጠየቅ፣ ወይም ጨርሶ የሚጠየቅ ነገር መኖሩን ተመልከቱ።